ቀጥ ብሎ የነዳ የሚጠፋበት መንገድ

በሳክራሜንቶ፣ ካሊፎርኒያ ለወገን አሽከርካሪዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ ወገኖቼ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልጆቻችሁን ለሰው አደራ ብላችሁ የመጣችሁም አላችሁ። ስለዚህ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የማወራው በከተማችን መሃል ስለሚያልፍ አንድ ፍሪዌይ ነው፤ ስለ ቢዝነስ 80። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በዚህ መንገድ ያልነዳ ሰው ያለ አይመስለኝም። ያልጠፋበትም ያለ አይመስለኝም።

እኔ የጠፋሁበትን ቀን ልንገራችሁ። እዚህ ከተማ ከመጣሁ ገና ሦስተኛው ወር ነበር። አንዲት እናታችንን ሆስፒታል እንዳደርስ ልጃቸው ለመነኝ። እሱ ሥራ ላይ ነው። እሳቸው ከአገር ቤት ከመጡ ሁለት ሳምንት አልሞላቸውም። ቀጠሯቸው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ከአርደን አካባቢ አሳፈርኳቸውና በቢዝነስ 80 ወደ መሃል ከተማ ተነሳን። ሆስፒታሉ ከኦክ ፓርክ ማሳለጫ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

መሪዬን በሁለት እጄ ጨብጬ ቀጥ ብዬ ነዳሁ። ሌን አልቀየርኩም። ማንንም አልቀደምኩም። ጥንቃቄ ማለት ቀጥ ብሎ መሄድ ይመስለኝ ነበር። ቀና ስል ምልክቱ 99 ይላል። ከሥሩ የሌላ ከተማ ስም፣ ፍሬዝኖ ይላል። ቢዝነስ 80 የለም። መቼ ነው የወጣሁት? ምንም አልታጠፍኩም እኮ!

«ልጄ፣ መንገድ ሳትን እንዴ?» አሉኝ እማማ።

«አይ፣ ትንሽ አለፍን እንጂ» አልኩ። እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። በድንጋጤ የመጀመሪያውን መውጫ አለፍኩት። ሁለተኛውንም አለፍኩት። ስንደርስ ሰዓቱ አልፏል። ቀጠሮው ለሌላ ሳምንት ተዛወረ። እሳቸው «ግድ የለም፣ በሰላም ደረስን» ብለው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መንዳት የማልችል፣ ማንበብ የማልችል ሰው ሆኜ ተሰማኝ።

ይህን የምነግራችሁ ብዙዎቻችሁ ያንኑ ስሜት ይዛችሁ እንደምትኖሩ ስለማውቅ ነው። ፍሪዌይ ፈርታ በውስጥ መንገድ ብቻ እየዞረች አንድ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ የምትመላለስ እህት አውቃለሁ። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ መንገዱን እንደ ትምህርት አጠናሁት። ያገኘሁት ነገር ይህ ነው፤ ቢዝነስ 80 ሰው ግራ የሚያጋባው ሰዎች ሐሳባቸውን መሃል ላይ የለወጡበት መንገድ ስለሆነ ነው። እናንተ ሰነፍ ስለሆናችሁ አይደለም። ምን እንደተለወጠ ካወቃችሁ ፍርሃቱ ይቀላል።

መጀመሪያ ቀለሙን እዩ። የዋናው 80 ጋሻ፣ ማለትም ቁጥሩ የተጻፈበት የጋሻ ቅርጽ ያለው ምልክት፣ ሰማያዊና ቀይ ነው። ቢዝነስ 80 ግን አረንጓዴ ጋሻ ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፣ መንገዱ ሌላ ነው። በአሜሪካ ዋናው ኢንተርስቴት፣ ማለትም ክፍለ ግዛቶችን የሚያገናኘው ትልቁ ፍሪዌይ፣ ከተማውን በዳር ሲያልፍ፣ ወደ መሃል ገብቶ የንግዱን ሰፈር አቋርጦ ተመልሶ ከዋናው ጋር የሚገጥመውን መንገድ ቢዝነስ ሉፕ ይሉታል። የጀበና ጆሮ አስቡ። ከላይ ይነሳል፣ ወጣ ይላል፣ ዞሮ ከታች ከጀበናው ጋር ይገጥማል። የእኛ ጆሮ አንዱ ጫፉ ዌስት ሳክራሜንቶ ነው። ሌላው ጫፉ ዋት አቬኑ አጠገብ ነው።

በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ቢዝነስ ሉፕ ተራ የከተማ መንገድ ነው። የትራፊክ መብራት አለው፣ ግራና ቀኙ ሱቅና ማደያ ነው። ከፍሪዌይ መውጣታችሁ ወዲያው ይታወቃችኋል። የእኛው ግን ራሱ ፍሪዌይ ነው። መኪናው ፍጥነቱን አይቀንስም፣ መብራት የለም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገሩ ምንም የሚያስጠነቅቃችሁ ነገር የለም። ከቀለሙና ከጽሑፉ በቀር።

ለምን ፍሪዌይ ሆነ? ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ይህ መንገድ ድሮ ራሱ 80 ነበር። ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስቶ ወደ ሪኖ የሚያልፈው መኪና ሁሉ በከተማው መሃል ያልፍ ነበር። አንዳንዱ ክፍሉ የተሠራው በ1950ዎቹ ነው። የኢንተርስቴት መንገዶችን በአገር ደረጃ ያስጀመረው ሕግ የወጣው በ1956 ነው። ስለዚህ ከፊሉ ከሕጉ በፊት በነበረ ልክ የተሠራ ነው። ትከሻው ጠባብ፣ መግቢያው አጭር፣ ኩርባው ጠንካራ።

መንግሥት ይህን ሊያስተካክል አሰበ። ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ቀጥ ያለ አዲስ ፍሪዌይ ሊሠራ ተነሳ። ሥራውም ተጀመረ፣ ድልድዮች ቆሙ። በ1979 ግን ዕቅዱ ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ 80 የሚለው ቁጥር ከመሃል ከተማው ላይ ተነሥቶ በሰሜን በኩል ከተማውን ለሚዞረው ፍሪዌይ ተሰጠ። ያ ፍሪዌይ እስከዚያ ድረስ 880 ይባል ነበር። 880 የሚለው ቁጥር ደግሞ ወደ ኦክላንድ ሄደ፤ ዛሬም እዚያው ነው። የመሃሉ አሮጌ መንገድ አረንጓዴ ጋሻ ተሰጥቶት ቀረ።

የተሰረዘው መንገድስ? ዋት አቬኑ ላይ ከፍሪዌዩ መሃል ባቡር የተሳፈራችሁ ታውቁታላችሁ። በ1987 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር የሚሄደው ለዚያ ፍሪዌይ በተዘጋጀው ቦታ ላይ ነው። እነዚያ ለባቡር ጣቢያ የማይመስሉ ሰፋፊ ግንቦች መኪና እንዲያልፍባቸው የተሠሩ ናቸው። እኔ ይህን ሳውቅ እዚያ ቆሜ ረጅም ሰዓት ተመለከትኩ። አንድ ከተማ ሐሳቡን ሲለውጥ በኮንክሪት ተጽፎ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ስሙ ላይ ልምጣ፤ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይቸገራል። ምልክቱ ቢዝነስ 80 ይላል። በ1990ዎቹ ደግሞ ግራ መጋባቱን ለመቀነስ ተብሎ ካፒታል ሲቲ ፍሪዌይ የሚል ስም ወጣለት። በክፍለ ግዛቱ መዝገብ ላይ ከኦክ ፓርክ ወደ ዋት አቬኑ የሚወጣው ክፍል ቁጥሩ 51 ነው። ግን 51 የሚል ጋሻ መንገዱ ላይ አታዩም። ከኦክ ፓርክ ወደ ዌስት ሳክራሜንቶ ያለው ደግሞ ምልክቱ 50 ነው። እሱም በፌዴራል መዝገብ 305 የሚል የተደበቀ ቁጥር አለው። 305ን እርሱት፤ ማንም አይጠራውም።

ይህ ዝም ብሎ ዕውቀት አይደለም። መኪናችሁ ቢበላሽና 911 ብትደውሉ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ነህ?» ነው። «80 ላይ ነኝ» ካላችሁ እርዳታው ወደ ሌላ መንገድ ሊሄድ ይችላል። «ቢዝነስ 80፣ ወደ ምሥራቅ፣ ኤል ካሚኖ አቬኑ መውጫን አልፌ» በሉ። ይህቺን አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አጥኗት። ለወላጆቻችሁም አስጠኗቸው። አቅጣጫውን ከፀሐይ አትፈልጉት፣ ከምልክቱ አንብቡት። ምክንያቱም መንገዱ ከኦክ ፓርክ በኋላ ወደ ሰሜን እየሄደ ምልክቱ «ምሥራቅ» ይላል። 80 በጠቅላላው የምሥራቅና ምዕራብ መንገድ ስለሆነ ነው። በአሜሪካ ጥንድ ቁጥር ያለው ኢንተርስቴት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ጎዶሎው ከሰሜን ወደ ደቡብ ይቆጠራል። አይ 5 የሚባለው ኢንተርስቴት ለዚህ ነው ሰሜንና ደቡብ የሚባለው።

እኛ እኮ በቁጥር ያደግን ሰዎች አይደለንም። አዲስ አበባ ላይ «ከማደያው ጋ ታጠፍ፣ ቀይ በሩን እለፍ» ነው የምንባለው። መገናኛ ስንል ሰፈሩንም መጋጠሚያውንም ማለታችን ነው። ጎተራን ከማሳለጫው በፊት የምታውቁ «ኮንፊውዥን» የሚለውን ስም ታስታውሳላችሁ። እዚያ ግን ቢያንስ ግራ ስትጋቡ ቆም ብላችሁ መስኮት ዝቅ አድርጋችሁ ሰው ትጠይቃላችሁ። እዚህ በ65 ማይል ፍጥነት የሚጠየቅ ሰው የለም። የምትጠይቁት ምልክቱን ነው።

እንግዲህ ኦክ ፓርክ ማሳለጫ። የዛሬው ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው።

እጆቼን እዩ። በአእምሯችሁ መስቀል ሥሩ። ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፈው መስመር 50 ነው። ግራው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ቀኙ ወደ ሳውዝ ሌክ ታሆ። ከላይ ወደ ታች ያለው መስመር ደግሞ ሁለት ስም አለው። የላይኛው ግማሽ ቢዝነስ 80 ነው። የታችኛው ግማሽ 99 ነው፤ ወደ ፍሬዝኖ። በሁለቱ መካከል መታጠፊያ የለም፣ አጥር የለም። ከላይ ቀጥ ብሎ የወረደ ሰው 99 ላይ ራሱን ያገኛል። እኔን ያገኘኝ ይኼ ነው።

በሌላው አቅጣጫም እንዲሁ ነው። ከዌስት ሳክራሜንቶ መጥታችሁ በመሃል ከተማው ድልድይ ላይ ስታልፉ፣ ከደብሊውና ከኤክስ ስትሪት መካከል ማለቴ ነው፣ ቀጥ ብላችሁ ከሄዳችሁ ወደ ታሆ ትወጣላችሁ። ወደ ቢዝነስ 80 ለመግባት ከ50 መውጣት አለባችሁ። ይህን ደጋግሜ የምለው ከልማዳችን ጋር ስለሚጣላ ነው። ኦክ ፓርክ ላይ ሉፑን ለመከተል መውጣት ያስፈልጋል። ዝም ብሎ ቀጥ ማለት ራሱ መንገድ መቀየር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከቤት ሳትወጡ ቁጥሩንም የከተማውንም ስም ያዙ። «ከቢዝነስ 80 ወደ 50፣ ሳውዝ ሌክ ታሆ የሚለው» ብላችሁ ለራሳችሁ ድምፅ አውጥታችሁ ንገሩት። እኔ እስካሁን እናገራለሁ። ጂፒኤሱ ጥሩ ነው፤ ግን ማሳለጫ ውስጥ መንገዶች ሲደራረቡ አንዳንዴ ይዘገያል። እናንተ ደግሞ በዚያ ሰዓት ስልክ ማየት የለባችሁም።

ሰዓቱንም አስቡት። በ65 ማይል ፍጥነት ግማሽ ማይል ማለት 28 ሰከንድ ገደማ ነው። በ28 ሰከንድ ውስጥ ሦስት ሌን መቀየር ካለባችሁ ዘግይታችኋል። ምልክቱ አንድ ማይል ሲል፣ ያን ጊዜ ጀምሩ። ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ትከሻችሁን መለስ አድርጋችሁ ማየት፣ ከዚያ አንድ ሌን። ተረጋጉ። እንደገና ፍሬቻ፣ እንደገና አንድ ሌን። ሁለት ሌን በአንድ ጊዜ አትቁረጡ።

ምልክቱ ላይ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። የመውጫው ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ሳጥን በትልቁ ሰሌዳ ላይኛ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ቀኝ ጥግ ላይ ከሆነች መውጫው በቀኝ ነው። ግራ ጥግ ላይ ከሆነች በግራ ነው። ጽሑፉን ለማንበብ ጊዜ ባይኖራችሁ እንኳ እሷን እዩ። ከታች ቢጫ መደብ ላይ «ኤግዚት ኦንሊ» ካለ ያ ሌን ያልቃል፤ ይዟችሁ ይወጣል። አስፋልቱም ይነግራችኋል። የተለመደው የተቆራረጠ መስመር አጠር ወፈር ብሎ ጠጋ ጠጋ ሲል ሌኑ ሊለያችሁ ነው።

አሁን በጣም የምለምናችሁ ነገር። መውጫው ካለፋችሁ፣ አለፋችሁ። በቃ። መንገዱ ሲከፈል መሃል ላይ በነጭ የተሰመረች ሦስት ማዕዘን አለች። እሷን አቋርጦ መግባት፣ እዚያ ቆሞ ማሰብ፣ ይባስ ብሎ ወደኋላ መመለስ ነፍስ የሚያጠፋ ነገር ነው። ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ። ከኋላ የሚመጣው ሰው እናንተ እዚያ ትቆማላችሁ ብሎ አያስብም። በስህተት ወደ 99 ብትገቡ 12ኛ አቬኑ መውጫ ብዙ ሳይርቅ አለ፤ ቀጥሎ ፍሩትሪጅ አለ። ወጥታችሁ ተመለሱ። የምታጡት ጥቂት ደቂቃ ነው። እኔ ያን ቀን ብረጋጋ ኖሮ እማማ ቀጠሯቸው ላይ ይደርሱ ነበር። የጎዳኝ ከመጥፋቱ ይልቅ ድንጋጤው ነው።

አንድ ወንድም ሲገባ ጠይቆኝ ነበር፤ «መግባቱ ነው የሚያስፈራኝ» አለ። ልክ ነው። መርጅ ማድረግ፣ ማለትም ፍሪዌዩ ላይ ካሉት መኪናዎች ጋር መቀላቀል፣ ከመውጣት ይከብዳል፤ በተለይ አሮጌ መንገድ ላይ። አዲስ ፍሪዌይ ላይ መግቢያው ረጅም ስለሆነ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። ቢዝነስ 80 ላይ ግን አጫጭር መግቢያዎች አሉ። ብዙዎቻችን የምንሠራው ስህተት መግቢያው ላይ እየፈራን መቀዝቀዝ ነው። በ40 ማይል ወደ 65 መግባት ነው አደጋው። መግቢያው የተሠራው ፍጥነት እንድታገኙበት ነው። ነዳጅ ስጡት። ገና ስትወጡ ወደ ግራ አይታችሁ ክፍተታችሁን ምረጡ። ቅድሚያው ፍሪዌዩ ላይ ላለው ነው፣ እናንተ ናችሁ የምትገጣጥሙት። መጨረሻው ላይ ደርሶ መቆም ከሁሉም የከፋ ነው፤ ከቆመ መኪና ተነስቶ 65 መድረስ ብዙ መንገድ ይፈልጋል። መግቢያው ላይ መብራት ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ አረንጓዴ አንድ መኪና ነው። ከፊታችሁ ያለውን ተከትላችሁ አትውጡ። እሱ መብራት የተሠራው ልክ እንዲህ ሰብሰብ ብለን እንዳንገባ ነው።

ከኦክ ፓርክ ወደ ሰሜን ስትወጡ መንገዱ ከ29ኛና ከ30ኛ ስትሪት መካከል ይሄዳል። ጄ ስትሪት፣ ኢ ስትሪት፣ ከዚያ የአሜሪካን ሪቨር ድልድይ። ከሰዓት በኋላ መኪናው እዚህ ይታመቃል። ከፊት ቀይ መብራት ስታዩ ቀድማችሁ ቀስ በሉ። ርቀታችሁ ሦስት ሰከንድ ይሁን። ከፊታችሁ ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ ቁጠሩ። ሦስት ሳትሉ ከደረሳችሁ ቀርባችኋል።

ከድልድዩ በኋላ ካል ኤክስፖ፣ ከዚያ አርደን ዌይ። እዚህ አካባቢ ከመሃል ከተማ 160 በሚባለው መንገድ የመጣው መኪና ከእኛ ጋር ይቀላቀላል። የሚገባው መኪና ወደ መሃል ሊገባ ይፈልጋል። የሚወጣው ደግሞ ወደ ዳር ሊወጣ ይፈልጋል። እንደ ጥልፍ ክር እንጠላለፋለን። ይህ የብዙ ማሳለጫዎች ችግር ነው። በ1929 ኒው ጀርዚ ውስጥ የተከፈተው የአሜሪካ የመጀመሪያው ባለ አራት ቅጠል ማሳለጫም ይህንኑ ችግር ይዞ ነው የተወለደው፤ የሚገባውና የሚወጣው በአንድ አጭር ቦታ ይገናኛሉ። አርደን ላይ የማትወጡ ከሆነ ቀድማችሁ ከቀኙ ሌን ወደ መሃል ሁኑ። የምትወጡ ከሆነ ፍሬቻ አሳዩ፣ ለሚገባው ክፍተት ስጡት። እሱ ሲያልፍ እናንተ ከኋላው ትገባላችሁ።

ኤል ካሚኖን አልፎ ማርኮኒ ነው። ኩርባው ከምትጠብቁት በላይ ይጠመዘዛል። ፍሬን ከኩርባው በፊት እንጂ ኩርባው ውስጥ አይደለም። በጋው አልፎ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ደግሞ በጋውን ሙሉ የተጠራቀመው ዘይት ይንሳፈፋል፣ አስፋልቱ ሳሙና ይሆናል። በብርዱ ወራት የሸለቆው ጉም አለ። ጉም ውስጥ ረጅም መብራት አታብሩ፤ መልሶ ዓይናችሁ ላይ ይተኮሳል።

ንግግር ብቻውን እንደማይበቃ አውቃለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ባዶ ሳለ፣ ሮዝቪል ሮድ ባቡር ጣቢያ መኪና ማቆሚያ እንገናኝ። ያ ያልተሠራው ፍሪዌይ ቦታ ነው። አራት ልምድ ያላቸው ወንድሞችና እህቶች አብረውን ይመጣሉ፤ እያንዳንዳቸው ከአንድ አዲስ አሽከርካሪ አጠገብ ይቀመጣሉ። በቢዝነስ 80 ወደ ኦክ ፓርክ እንወርዳለን። ሳን ፍራንሲስኮ የሚለውን ይዘን ወደ 50 እንገባለን። ሳክራሜንቶ ወንዝን ተሻግረን ዌስት ሳክራሜንቶ ላይ ሰማያዊና ቀዩን 80 ይዘን በሰሜን ዞረን እንመለሳለን። ሙሉው ዙር 30 ማይል አይሞላም። ሁለት ጊዜ እንዞራለን። በሁለተኛው ዙር አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ዝም ይላል፤ ምልክቱን እናንተ ድምፅ አውጥታችሁ ታነቡለታላችሁ። ያቺ በውስጥ መንገድ የምትመላለሰው እህታችን እመጣለሁ ብላኛለች። ቡናውን እኔ በቴርሞስ ይዤ እመጣለሁ።